ስለ ስሜት ገላጭ ምልክቶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ የብሎካችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ማገልገል ከጀመርኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከየሰፈሩ በዕጣ የተሰባሰብን፣ ጎሕ ሳይቀድ ወደ መሀል ከተማ ወጥተን ከመሸ የምንመለስ ሰዎች በመሆናችን፣ ብዙዎቻችን የተዋወቅነው በደረጃው ላይ ሳይሆን በቴሌግራም ግሩፓችን ነው። ውሃ በየትኛው ሌሊት እንደሚለቀቅ፣ የጥበቃ ደመወዝ ያልከፈለው ማን እንደሆነ፣ ማን ቤት ልጅ እንደተወለደና ማን ቤት ሐዘን እንደገባ የሚነገረው እዚያ ነው። ስለዚህ በግሩፑ ላይ የምትጻፍ አንዲት መስመር ጎረቤትን ልታቀራርብም ልታቃቅርም ትችላለች።

ባለፈው ክረምት የአንድ ጎረቤታችንን ዕረፍት ለጥፌ ነበር። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት፣ ለቅሶ ቀርተው የማያውቁ ሴት፣ ከማስታወቂያው ሥር ከሁለቱም ዓይኖቹ ዕንባ የሚረጨውን ቢጫ ፊት ሦስት ጊዜ አከታትለው ላኩ። ያ ፊት ግን የሚያለቅስ አይደለም፤ ከሣቅ ብዛት ዕንባው የመጣ ነው። የሟች ልጅ ያንን አይቶ ለቀናት አላናገራቸውም። ነገሩ ሲገለጥላቸው ስልካቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ ዕንባውን ነው ያየሁት» አሉኝ።

ይህን ተከትሎ በጠራነው ስብሰባ ላይ ስሜት ገላጭ ምልክቶች (ኢሞጂ) ከግሩፑ ጨርሶ ይከልከሉ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ክልከላውን የደገፉትም የተቃወሙትም ያነሷቸው ምክንያቶች አብዛኞቹ በተሳሳተ ግንዛቤ ላይ የቆሙ ሆነው ስላገኘኋቸው፣ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ጨምሬ አንድ በአንድ እመልሳቸዋለሁ።

«ቁም ነገር የሌለው የልጆች ጨዋታ ነው»

ይህን ያሉት በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን ናቸው፤ ስጋታቸውም ይገባኛል። ይሁን እንጂ ምልክቶቹ የተጀመሩት ልጆችን ለማጫወት አልነበረም። በአሜሪካ፣ ፒትስበርግ ከተማ፣ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁራን በጋራ የሚጻጻፉበት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነበራቸው። አንድ ቀን ስለ ሊፍትና ስለ ሜርኩሪ የቀረበ የፊዚክስ ጥያቄ ወደ ቀልድ ተለወጠና፣ አንደኛው ሊፍት በሜርኩሪ እንደተበከለ የሚገልጽ የይስሙላ ማስጠንቀቂያ ተጻፈ። ቀልዱን ከመነሻው ያልተከታተሉ ሰዎች እውነት መሰላቸው። መምህራኑና ተመራማሪዎቹ ቀልድ በምን ይለይ ብለው መወያየት የጀመሩት ከዚህ በኋላ ነው።

ስኮት ፋልማን የተባለው የዩኒቨርሲቲው ሰው መስከረም 9 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982፣ ለቀልድ ሁለት ነጥብ፣ ጭረትና መዝጊያ ቅንፍ በተከታታይ እንዲጻፉ፣ አንባቢውም ወደ ጎን እንዲያነባቸው ሐሳብ አቀረበ። ቅንፉን ገልብጦ የሠራውን የተከፋ ፊት ደግሞ ቀልድ ላልሆነው ነገር ምልክት እንዲሆን ነበር ያሰበው፤ የሐዘን መግለጫ የሆነው በኋላ ነው። ይህ መልእክቱ ጠፍቶ ቆይቶ በ2002 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከአሮጌ የመረጃ ማስቀመጫ ቴፕ ላይ ተፈልጎ ተገኝቷል። እንግዲህ ምልክቱን የወለደው የተማሩ ሰዎች እርስ በርስ አለመግባባት ነው፤ እኛንም በስብሰባ ያስቀመጠን ይኸው ችግር ነው።

«ባዕድ ነገር ነው፤ አማርኛ እንዲህ ያለ ምልክት አያስፈልገውም»

ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ይህ አስተያየት ነው፤ ምክንያቱም የራሳችንን የጽሕፈት ሥርዓት መርሳታችንን ያሳያል። ፊደል ከቆጠርንበት ጊዜ ጀምሮ ሥርዓተ ነጥብ ስንማር ከአራት ነጥብ፣ ከነጠላ ሰረዝና ከድርብ ሰረዝ ጋር ትእምርተ ስላቅ የሚባል ምልክት ተምረናል። ተገልብጦ የቆመ ቃለ አጋኖ ነው። ስፓኒሾች ይህንኑ ቅርጽ በዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ለአጋኖ ሲጠቀሙበት፣ እኛ ግን ከመጨረሻው ላይ አስቀምጠን «ይህን ያልኩት ለስላቅ ነው» ለማለት እንገለገልበታለን። «እንዴት ያለ ትጉህ ጥበቃ ነው¡» ብሎ የጻፈ ሰው ጥበቃው በሩን ክፍት ትቶ ማደሩን እየነገረን እንጂ እያመሰገነው አይደለም። በንግግር ጊዜ በድምፅ ቃና የሚገለጸው ነገር በጽሑፍ እንደሚጠፋ የአማርኛ ጸሐፊዎች ተረድተው፣ ለዚያ የሚሆን ምልክት በሥርዓተ ነጥባቸው ውስጥ አኑረዋል።

ከዚህም ራቅ ብለን ብንሄድ፣ የቤተ ክርስቲያናችን የዜማ መጻሕፍት ከፊደሉ በላይ ድፋት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ጭረት፣ ርክርክ የሚባሉ ምልክቶችን ይዘዋል። እነዚህ ስሜት ገላጭ ናቸው ማለቴ አይደለም። ድምፅ የት ላይ እንደሚወርድ፣ የት ላይ እንደሚነሣና የት ላይ እንደሚያዝ የሚያመለክቱ ናቸው፤ ነገር ግን ፊደል ብቻውን ድምፅን ሙሉ በሙሉ እንደማይሸከም ሊቃውንቱ ማወቃቸውን ይመሰክራሉ።

አማርኛ ደግሞ ቃናው ከጠፋ በቀላሉ የሚያሳስት ቋንቋ ነው። «እሺ» የምትለውን ቃል ብቻ እንመልከት። ሳብ አድርገው ሲሏት ፈቃደኝነት፣ ቁርጥ አድርገው ሲሏት ቅሬታ፣ ራስ እየነቀነቁ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲሏት ደግሞ «ቆይ፣ እናያለን» ማለት ትሆናለች። የደረጃ ጽዳት ተራ የደረሳቸው አንድ ጎረቤት ላስታወስኳቸው መልእክት «እሺ» ብለው በአራት ነጥብ ዘግተው መለሱልኝ፤ እኔም ተቆጥተዋል ብዬ ሁለት ቀን ከፊታቸው ስሸሽ ከረምኩ። ሰውየው የተማሩትን ሥርዓተ ነጥብ ማክበራቸው ብቻ ነበር። ያቺን ቃል አንዲት ፈገግ ያለች ፊት ብትከተላት ኖሮ ሁለታችንም ባረፍን ነበር።

«ኢሞጂ ማለት ስሜት ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የወጣ ነው»

ቃሉ ጃፓንኛ ነው፤ «ኤ» ሥዕል፣ «ሞጂ» ደግሞ ፊደል ማለት ሲሆን፣ ኢሞሽን ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር መመሳሰሉ የአጋጣሚ ነገር ነው። በሥርዓተ ነጥብ ከሚሠራው ከፋልማን ፊት የሚለየውም ራሱን የቻለ ሥዕል በመሆኑ ነው። ሺገታካ ኩሪታ በ1999 ለአንድ የጃፓን የስልክ ኩባንያ የሠራቸው 176 ሥዕሎች ዝነኛ ቢሆኑም የመጀመሪያዎቹ አይደሉም፤ ሌላ የጃፓን ኩባንያ በ1997 90 ምልክቶች ያሉት ስልክ አውጥቶ ነበር። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ኢሞጂን በስፋት ያካተተው በ2010 ነው። የግእዝ ፊደል እዚያው መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 መሆኑን ስረዳ ደስ ብሎኛል፤ በዚህስ ፊደላችን ቀድሟል።

«ሥዕል ስለሆነ ትርጉሙ ለሁሉም ሰው አንድ ነው»

የአራተኛ ፎቋ እናት የተሳሳቱት በዚህ እምነት ነው፤ ጥፋቱ ግን የእሳቸው ብቻ አይደለም። የላኩት ፊት በዓለም ላይ እጅግ ከተለመዱት አንዱ ሲሆን፣ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች በ2015 የዓመቱ ቃል ብለው የመረጡት እሱን ነው። እውነተኛው የሚያለቅስ ፊት አፉ ወደ ታች ታጥፎ፣ ዕንባው በሁለቱም ጉንጮቹ ላይ እንደ ጅረት የሚወርደው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ በአንዲት ትንሽ፣ መስታወቷ በተሰነጠቀ ስልክ ላይ ብትመለከቷቸው ልዩነቱ ያለው ከአፋቸው እንጂ ከዕንባቸው አይደለም። ዓይናቸው የደከመ ሰው ዕንባውን ያያል፤ አፉን አያይም።

ችግሩ የዓይን ብቻም አይደለም። የተጋጠሙት ሁለት መዳፎች በጃፓን ለምስጋናና ለልመና ሲያገለግሉ፣ በእኛ ግሩፕ ጸሎትና ማጽናኛ ናቸው፤ ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ሲማቱ አድርገው የሚያዩትም አሉ። በአሜሪካው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች አንዱን ሥዕል ሳይለወጥ እያዩ እንኳ ስሜቱ መልካም ነው፣ መጥፎ ነው ወይስ መካከለኛ በሚለው ላይ ከአራት ጊዜ አንዱን አልተስማሙም። በዚያ ላይ እያንዳንዱ የስልክ አምራች የየራሱን ሥዕል ስለሚሥል፣ ላኪው የላከውን ቅርጽ ተቀባዩ ላያየው ይችላል። ዩኒኮድ የሚወስነው የምልክቱን ቁጥርና ስም እንጂ መልኩን አይደለም።

«ከመልእክት 93 በመቶው ከቃል ውጭ ነው፤ ስለዚህ ምልክት የሌለው ጽሑፍ ዋጋ የለውም»

ይህን ያነሣው ክልከላውን የተቃወመ ወጣት ነው። እኔም የእሱ ወገን ነበርኩ፤ ይሁን እንጂ በተሳሳተ አኃዝ እውነትን መከላከል አይገባም። ቁጥሩ አልበርት መህራቢያን የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1967 ካሳተማቸው ጥናቶች የተወሰደ ነው። ጥናቶቹ የፈተሹት አንድ ሰው ስለ መውደድና ስለ መጥላት ሲናገር ቃሉ፣ ድምፁና ፊቱ እርስ በርስ ቢቃረኑ አድማጩ የትኛውን እንደሚያምን ብቻ ነው፤ መህራቢያን ራሱም ስሌቱ ለማንኛውም ንግግር እንደማይሠራ አስረድቷል። የውሃ ፈረቃው ከማክሰኞ ወደ ሐሙስ መዛወሩን ለማሳወቅ ምንም ዓይነት ፊት አያስፈልገኝም።

ወጣቱ ሊጠቅሰው የሚገባው ሌላ ጥናት ነበር። ጀስቲን ክሩገርና ባልደረቦቹ በ2005 ባወጡት ምርምር፣ ሰዎች ስላቅና ቁም ነገር የተቀላቀለበት ዓረፍተ ነገር በኢሜይል እንዲልኩ ተደረገ። ላኪዎቹ ከመልእክታቸው 78 በመቶው በትክክል እንደሚለይላቸው ገምተው ነበር፤ ተቀባዮቹ የለዩት ግን 56 በመቶውን ነው፤ ይህም በግምት ከመናገር ብዙ አይርቅም። የምንጽፍ ሰዎች የራሳችንን ድምፅ በጆሯችን እየሰማን ስለምንጽፍ፣ አንባቢውም የሚሰማው ይመስለናል።

«አውራ ጣት መጫን ‹አይቻለሁ› ማለት ብቻ ነው»

በካናዳ፣ በሳስካቸዋን ግዛት፣ አንድ እህል ገዢ 86 ቶን ተልባ ለመረከብ የተዘጋጀ ውል በስልክ ፎቶ አንሥቶ ለገበሬ ላከና እንዲያረጋግጥለት ጠየቀ። ገበሬው የቀና አውራ ጣት መለሰ። ተልባው በቀጠሮው ሳይደርስ ቀረ፤ ዋጋውም ናረ። ገበሬው ጣቱ «ውሉ ደርሶኛል» ማለት ብቻ እንደሆነ ቢከራከርም፣ ፍርድ ቤቱ ቀደም ሲል በአጭር የስልክ መልስ እየተዋዋለ እህል ያስረክብ እንደነበር ተመልክቶ፣ በ2023 ከ82,000 የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈረደበት። በቀጣዩ ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ፍርዱን አጸናው።

ይህ የካናዳ ፍርድ እኛን አያስገድድም፤ ክርክሩ ግን የእኛም ነው። የውሃ መግፊያው ሞተር በተቃጠለ ጊዜ ለጥገና መዋጮ ላቀረብኩት ሐሳብ 18 አውራ ጣት ተጭኖ ነበር። ገንዘቡን ስጠይቅ ግን ከመካከላቸው ብዙዎቹ «ማየቴን ለመግለጽ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ባለበት ጉዳይ ሁሉ ነዋሪው «ተስማምቻለሁ» ብሎ በቃል እንዲጽፍ እጠይቃለሁ።

«ቋንቋችንን ያጠፋዋል»

ሥዕል የቃልን ቦታ ሊወስድ አይችልም። «አልነገርናቸውም» የሚለው አንድ ቃል ማን እንዳልተናገረ፣ ለማን እንዳልተነገረ፣ ለብዙ ሰው ወይም ለሚከበር ሰው መሆኑን፣ ጊዜው ማለፉንና ነገሩ አለመፈጸሙን በአንድነት ይዟል። ይህን በቢጫ ፊቶች ልጻፍ የሚል ሰው ይሞክረው። ለቋንቋው የምሰጋ ከሆነ የምሰጋው ሰው ቃል የሚገባውን ቦታ በሥዕል ብቻ ሞልቶ ሲያልፍ ነው፤ በተለይም በሐዘን።

«ለታላላቆች ምልክት መላክ ንቀት ነው»

ግማሽ እውነት አለበት። በአማርኛ አክብሮት የሚቀመጠው በግሡ ውስጥ ስለሆነ፣ «ይምጡ» እና «ና» ያላቸውን ልዩነት ምንም ዓይነት ፊት አይተካውም፤ ዓይኑን የሚጠቅስ ፊት ለአንድ አባት መላክም ነውር ነው። ነገር ግን «እማማ፣ ነገ ጠዋት መጥቼ አደርስዎታለሁ» ከሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር በኋላ የተቀመጠ አበባ ማንንም አያስከፋም።

ስብሰባው ክልከላውን አላጸደቀም። የተስማማነው በሐዘን ማስታወቂያ ሥር መጀመሪያ ቃል እንዲጻፍ ነው። የሟች ልጅም የአራተኛ ፎቋን እናት ቤታቸው ሄዶ ይቅርታ ጠይቋቸዋል፤ እሳቸውም ቡና አፍልተው ተቀብለውታል። በኅዳር ወር ሌላ ጎረቤት ባረፉ ጊዜ ማስታወቂያውን እንደለጠፍኩ በአራተኛ ፎቋ እናት ስም ትይዩ «እየጻፉ ነው» የሚለው መግለጫ ብቅ ጥልቅ ሲል ለረጅም ጊዜ አየሁት። በመጨረሻ «ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ማታ እመጣለሁ» የሚል ጽሑፍ ደረሰን፤ ከሥሩም ሁለት የተጋጠሙ መዳፎች።