ጽዋ ማኅበር

ጽዋ ማኅበር በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ዘንድ በአንድ መልአክ፣ በአንድ ጻድቅ ወይም ሰማዕት፣ በእመቤታችን፣ አልያም በሥላሴ ወይም በመድኃኔ ዓለም ስም የሚቋቋም ኅብረት ነው። በየወሩ መታሰቢያው በሚውልበት ዕለት ማኅበርተኞቹ በተረኛው ቤት ተሰብስበው ይጸልያሉ፣ ይመገባሉ፣ የተቸገረውን ያስባሉ። ቀኑ የታወቀ ነው፦ አቦ (አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ) በ5፣ ሥላሴ በ7፣ ሚካኤል በ12፣ ኪዳነ ምሕረት በ16፣ ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23፣ ተክለ ሃይማኖት በ24፣ መድኃኔ ዓለም በ27። በዚህም የተነሣ ብዙ ሰው የወሩን ቀን በቁጥር ሳይሆን በቅዱሱ ስም ይጠራል።

ከእድርና ከእቁብ ጋር መምታታት የለበትም። እድር ለቀብርና ለሐዘን፣ እቁብ ለገንዘብ ነው፤ የማንኛውም እምነት ተከታይ ይገባባቸዋል። ሰንበቴ ግን የቅርብ ዘመዱ ነው። ልዩነቱ ሰንበቴ በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ መደረጉና ተረኛው ያመጣውን ነዳያንም መንገደኛም መቅመሱ ነው።

መሠረቱን መምህራን ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ይጠቅሳሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች በየቤቱ እንጀራ ይቆርሱ እንደ ነበር ተጽፏልና። በደቀ መዝሙር ስም ቀዝቃዛ ውኃ ያጠጣ ዋጋው አይጠፋበትም የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ቃልም አብሮ ይነሣል። በየገድላቱ (የቅዱሳንን ሕይወት በሚተርኩት መጻሕፍት) ላይ ቅዱሱን በማሰብ ዝክር ለሚዘክር፣ የተራበ ለሚያበላ የተሰጠው ቃል ኪዳን ሕዝቡን ወደዚህ ሥርዓት እንደ ሳበው አያጠራጥርም። ሥርዓቱ አሁን ባለው መልኩ የጸናበትን ጊዜ አንዳንዶች ወደ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (15ኛው ክፍለ ዘመን) ያቀርቡታል። ንጉሡ የእመቤታችንን 33 በዓላት በማስከበራቸውና ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ በማድረጋቸው ይታወቃሉ። ሌሎች ግን ከዚያ በእጅጉ ይቀድማል ይላሉ።

የዕለቱ ሥርዓት ከአገር አገር ጥቂት ይለያያል። ተረኛው ዳቦውን ደፍቶ፣ ጠላውን ጠምቆ፣ ቤቱን ጎዝጉዞ ይጠብቃል። ካህኑ ጸሎት አድርሶ ማዕዱን ይባርካል። በሚካኤል ዕለት የወሩ ድርሳነ ሚካኤል፣ በማርያም ዕለት ተአምረ ማርያም ይነበባል። ከዚያ ዳቦው ተቆርሶ ይታደላል፤ የጽዋው ጠላ በየተራ ይቀመሳል። ዕለቱ የጾም ከሆነ ንፍሮና የጾም ወጥ ይቀርባል። በመጨረሻ በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። ተቀባዩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ይቀበላል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ «ለከርሞ በሰላም ያድርሰን» ተባብለው ይመራረቃሉ። ጽዋውን እየዘመሩ እስከ ተረኛው ቤት የሚያደርሱም አሉ።

ማኅበሩን የሚመራው «ሙሴ» ይባላል። ስሙ ሕዝቡን በምድረ በዳ ከመራው ነቢይ የተወሰደ ነው፤ ሥራውም ቀላል አይደለም። ተራ ያወጣል፣ የቀረውን ይቀጣል (ቅጣቱ አብዛኛውን ጊዜ ጧፍ ወይም ጥቂት ገንዘብ ነው)፣ የታመመውን ያስጠይቃል፣ ከሁሉም በላይ ያስታርቃል። የተቀያየሙ ሰዎች ከአንድ ጽዋ መጠጣት ነውር ስለሆነ ማኩረፍ ማለት ከማኅበሩ መለየት ማለት ነው። ስለዚህ ጠቡ ወሩ ሳይሞላ ይሰማል፤ ካህኑና ሙሴው መሐል ይገባሉ፣ በዳይ ይክሳል፣ ተበዳይ ይቅር ይላል። የማኅበሩ ትልቁ ጉልበት ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሕግ ሳያስገድደው፣ ዳኛ ሳይፈርድ፣ ከአንድ ጽዋ ለመቅመስ ሲባል ብቻ ስንት ጎረቤት ታርቋል።

በከተሞች የማኅበሩ ኃላፊነት ከቤት ወደ ደብሩ የሰፋው በተለይ ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው። በፓትርያርኩ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በ1965 ዓ.ም.፣ ሰበካ ጉባኤ (የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ጉባኤ) በቃለ ዐዋዲ ደንብ ተቋቁሞ ምእመናን በቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ድርሻ አገኙ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ ቤተ ክርስቲያን ለዘመናት የኖረችበትን ገቢ አጣች። ፓትርያርኩም በቀጣዩ ዓመት ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፣ በኋላም ተገደሉ። በዚያ አስጨናቂ ጊዜ ዕጣኑ፣ ጧፉ፣ ዘቢቡና የካህናቱ ቀለብ በምእመናን ጫንቃ ላይ ወደቀ፤ ማኅበርተኞችም እንደ አቅማቸው ተሸከሙት። በ1983 ዓ.ም. ለወታደራዊ ሥልጠና ብላቴ የከተቱት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያደረጉት የጸሎት ኅብረትም በ1984 ዓ.ም. ለተመሠረተው የቤተ ክርስቲያኒቱ የአገልግሎት ማኅበር፣ ለማኅበረ ቅዱሳን፣ መነሻ ሆኗል፤ ቅርጹ ከጽዋ ማኅበር ቢለይም።

አንዳንድ መምህራን ድግሱ እየበዛ፣ ንባቡ እያነሰ መምጣቱን ይወቅሳሉ። ወቀሳው ተገቢ ነው፤ ዝክሩን አቅልለው የተረፈውን ለነዳያን የሚሰጡ ማኅበራትም አሉ።

በስደት ያሉት ጽዋውን አልተዉም። በአሜሪካና በአውሮፓ ቀኑ በሥራ ቀን ሲውል ወደ ቅዳሜ ወይም እሑድ ይዛወራል፤ በዓረብ አገራት በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶች የዕረፍት ቀናቸውን ጠብቀው ይገናኛሉ። ጠላ በሌለበት ጭማቂ ወይም ጠበል ይቀርባል። አባል ሲሞት ደግሞ ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ብዙ ጊዜ ልጁ ወይም ልጇ ይተካል፣ «የእናቴን ጽዋ» ብሎም ተራውን ይቀበላል።