ካርታው ለሁሉም፣ ሰነዱ ለተፈቀደለት

ኢንተርኔት ላይ ያለ ካርታ መንገድ ከማሳየት ያለፈ ሥራ ይሠራል። አንዱን ነጥብ ጫን ሲሉት ትንሽ መስኮት ብቅ ይላል። እዚያ ውስጥ ስም፣ ቀን፣ ፎቶ፣ አንዳንዴም «ሰነዱን ክፈት» የሚል ሊንክ አለ። የውሃ መሥሪያ ቤት ከቧንቧው ጋር የግንባታ ንድፉን ያያይዛል፤ ጉድጓድ ቆፋሪው የቁፋሮ ሪፖርቱን። ነገሩ የሚወሳሰበው ካርታውን ማንም እንዲያየው፣ ሰነዱን ግን የተፈቀደለት ሰው ብቻ እንዲከፍተው ሲፈለግ ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ከእያንዳንዱ ነጥብ ጀርባ አንድ የሠንጠረዥ ረድፍ አለ። ከዓምዶቹ አንዱ የሰነዱን አድራሻ ይይዛል። ሰነዱ ራሱ ካርታው ውስጥ የለም፤ ጉግል ድራይቭ፣ ሼርፖይንት ወይም የድርጅቱ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ፈቃዱም ሁለት ቦታ ነው የሚሰጠው። ካርታውን ለሕዝብ መክፈት ሰነዱን አይከፍትም። ካርታውን መዝጋትም ሰነዱን አይዘጋም። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ሁለተኛውን ነው።

በደንብ ከተዘጋጀ፣ ሊንኩን የነካ ሰው መጀመሪያ ማንነቱን ይጠየቃል። ሎግ ኢን ካላደረገ ሰርቨሩ 401 («መጀመሪያ ማንነትህን አሳይ» የሚል የስህተት ቁጥር) ይመልሳል ወይም ወደ መግቢያ ገጹ ይወስደዋል። ማንነቱ ታውቆ ፈቃድ ከሌለው 403 («አልተፈቀደም») ይመጣል። አንዳንድ ሲስተሞች ደግሞ ሆን ብለው 404 («አልተገኘም») ይላሉ፤ ሰነዱ መኖሩ ራሱ እንዳይታወቅ።

ችግር የሚመጣው «ሊንኩ ያለው ሁሉ ይክፈት» የሚለው ምርጫ ላይ ነው። አድራሻው ረጅምና የማይገመት ስለሆነ የተደበቀ ይመስላል። ግን ሊንኩ ለሕዝብ በተከፈተ ካርታ ውስጥ ከገባ ምን ተደበቀ? ዓምዱን ከመስኮቱ ማጥፋትም አያድንም። ካርታው ነጥቦቹንና ዓምዶቻቸውን በጽሑፍ በሚይዝ የጂኦጄሰን ፋይል የሚሠራ ከሆነ ፋይሉ እንዳለ ወደ ብራውዘሩ ይወርዳል፤ የብራውዘሩን የውስጥ መመልከቻ የሚከፍተውን ኤፍ12 ቁልፍ ተጭኖ ማየት የልጅ ሥራ ነው። አርክጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይም ለሁሉም የተከፈተ ሌየር (የካርታው አንድ የመረጃ ንብርብር) «1=1»፣ ማለትም «ሁሉንም ስጠኝ» የሚል ጥያቄ ሲቀርብለት ረድፎቹን ከነዓምዶቻቸው ያቀብላል። መፍትሔው ዓምዱ የሌለበት ቪው (የዚያው ሌየር ሌላ እይታ) ሠርቶ እሱን ብቻ ለሕዝብ መልቀቅ ነው።

ሰነዱ በትክክል ቢቆለፍም አድራሻው ሊያወራ ይችላል። ሊንኩ መጨረሻ ላይ «የውል_ማቋረጫ_ማስጠንቀቂያ» የሚል የፋይል ስም ካለ፣ ለማወቅ ፋይሉን መክፈት አያስፈልግም። በስም ፋንታ ቁጥር መስጠት ይሻላል። በግዕዝ ፊደል ለተሰየመ ፋይል ሌላም ምክንያት አለ። እያንዳንዱ ፊደል በአድራሻ ውስጥ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፤ «ንድፍ» የሚለው ብቻ 27 ቦታ ይይዛል። ዓምዱ የርዝመት ገደብ ካለው ሊንኩ ተቆርጦ ይቀራል።

በጊዜ የተገደበ ሊንክም አለ። የአማዞን የፋይል ማከማቻ የሆነው ኤስ3 ፊርማ ያለበት ሊንክ ቢበዛ 7 ቀን ይሠራል። ሠንጠረዥ ውስጥ ከተጻፈ በሳምንቱ ይሞታል፤ ስለዚህ ሰውዬው በነካው ቅጽበት ሰርቨር ላይ ያለ ፕሮግራም ሊፈጥረው ይገባል። እስኪሞት ድረስ ግን የያዘው ሁሉ ይከፍትበታል። ከሌየሩ ጋር በአባሪነት የተጫነ ፋይል ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይለያል፦ አርክጂአይኤስ ላይ አባሪው የሌየሩን ፈቃድ ይከተላል። ሌየሩ ለሕዝብ ከተከፈተ አባሪውም ተከፈተ።

የቢሮን የጋራ ፎልደር አድራሻ በቀጥታ መለጠፍም የተለመደ ነው። ብራውዘሮች ከድረ ገጽ ወደ ኮምፒውተር ፋይል የሚወስድን ሊንክ ስለሚያግዱ፣ ቢጫኑት ዝም ይላል። ሰነዱን መስኮቱ ውስጥ ለማሳየት የሞከረም ባዶ ሳጥን ሊጠብቀው ይችላል። የመግቢያ ገጾች ለደህንነት ሲባል በሌላ ገጽ ውስጥ መከፈትን እምቢ ይላሉ፤ አዲስ ታብ ይበቃል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ካርታውን ኢንኮግኒቶ (ሎግ ኢን ያልተደረገበት የብራውዘር መስኮት) ላይ ከፍቶ መሞከር ነው። ሠሪው በራሱ አካውንት ሲያይ ሁሉም ነገር ይከፈትለታላ!

ሊንኮች ያረጃሉም። ጉግል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 በአንዳንድ ፋይሎች አድራሻ ላይ ተጨማሪ ቁልፍ ስለጨመረ፣ የቆዩ ሊንኮች ለአዲስ ሰው ፈቃድ መጠየቅ ጀመሩ። የድራይቭ ፋይል በመለያው ስለሚታወቅ ፎልደር ቢቀየርም ሊንኩ አይሰበርም፤ በፎልደር ስም ላይ የተመሠረተ አድራሻ ግን ይሰበራል። ንድፉ ሲታደስ በዚያው ፋይል ላይ አዲስ ቅጂ ከተጫነ፣ ካርታው ላይ የሚነካ ነገር የለም።