ቀይ አውራ ስለተገዛ ብቻ ቀይ ጫጩት አይፈለፈልም

ጎንደር አራዳ ገበያ ለበዓል ዶሮ ሲገዛ ላባው ሳይታይ ዋጋ አይቆረጥም። ቀዩና ነጩ ሲፈለግ ጥቁሩ ይጠላል፤ ድስት ከገባ በኋላ ማን እንደሚለየው እንጃ። ስለዚህ ጓሮው ዶሮ የሚያረባ ሁሉ «በቀለም መርጬ ላራባ» ይላል፤ ምርጫው ግን ብዙ ጊዜ በወሬ ነው።

«ነጭ ከነጭ ነጭ ብቻ ይወጣል።» ሁልጊዜ አይደለም። ነጭነት እንደ ጋቢ ከላይ ተደርቦ ሌላውን ቀለም ይሸፍናል፤ ደግሞም ሁለት ዓይነት ነው። ሌግሆርን የተባለው የውጭ ዝርያ ነጭነት ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢመጣም ይበቃዋል። ከጥቁር የሐበሻ ዶሮ ጋር ቢዳቀል ጫጩቶቹ ነጭ ይሆናሉ፤ አልፎ አልፎ ጥቁር ነጠብጣብ ይታይባቸዋል። እነዚያ ነጮች እርስ በርስ ሲዳቀሉ ግን በአማካይ ከ4 አንዱ ነጭ ሳይሆን ባለ ቀለም ይወጣል። ይኸው ነጭነት ቀዩን እንደ ጥቁሩ አጥብቆ አይሸፍነውም። ሁለተኛው ዓይነት ከአባትም ከእናትም ካልመጣ አይታይም፤ ለትውልድ ተደብቆ ይኖራል። ከሁለት ቀይ ዶሮዎች ነጭ ጫጩት ሲፈለፈል የጎረቤት አውራ መወቀሱም ለዚህ ነው።

«ቀለም የሚሰጠው አውራው ነው።» ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። ጾታ የሚወሰነው ዘር በሚሸከሙ ክሮሞሶም በሚባሉ ክሮች ነው፤ አውራው ሁለት ዜድ ክሮሞሶም አለው፤ ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብሊው። የእናትየው ዜድ የሚደርሰው ለወንድ ልጆቿ ብቻ ነው። ላባውን በነጭና በጥቁር መስመር የሚያዥጎረጉረው ዘረመል ደግሞ ያለው ዜድ ላይ ነው። ኮይኮክ የተባለችውን ዥጉርጉር የደቡብ አፍሪካ ዝርያ ከጥቁር አውራ ጋር ብናዳቅላት፣ ወንዶቹ ጫጩቶች ጭንቅላታቸው ላይ ነጭ ነጥብ ይዘው ይፈለፈላሉ፤ ሲያድጉ እናታቸውን ይመስላሉ። ሴቶቹ እንደ አባታቸው ጥቁር ናቸው። ንጹሕ ኮይኮክ አውራ ከጥቁር ሴት ጋር ሲሆን ግን ወንድም ሴትም ዥጉርጉር ነው። ቦቫንስ ብራውን የተባለችው የእንቁላል ዶሮ ጫጩት በቀለም ጾታው የሚለየውም በዚሁ በዜድ ነው፤ እነሱን እርስ በርስ አዳቅሎ ያንኑ ልዩነት መጠበቅ ግን ከንቱ ድካም ነው።

«አመድማ ከአመድማ አመድማ ይሰጣል።» አንዳሉዥያን የተባለው የስፔን ዝርያ ይህን ያፈርሰዋል፤ አመድማው ከአመድማ ሲዳቀል ግማሹ አመድማ፣ ሩቡ ጥቁር፣ ሩቡ ነጠብጣብ ያለበት ነጣ ያለ ይሆናል። ሁሉንም አመድማ የፈለገ ጥቁሩን ከነጣው ያዳቅል።

«የእንቁላሉ ቀለም ከላባው ይታወቃል።» አይታወቅም። ጥቁሩ አውስትራሎርፕ ቡናማ ይጥላል፣ ጥቁሩ ሚኖርካ ነጭ።

«አንዴ ጥቁር አውራ የሰረራት ዶሮ ዘሯ ተበላሸ።» የቀድሞው አውራ ዘር በሴቷ ሆድ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የአዲሱ ነው። አውራ የቀየረ ሰው 3 ሳምንት ሳይሞላ የተጣለውን እንቁላል ይጥበሰው፤ የሚያስታቅፈውን ከዚያ በኋላ ያጠራቅም።