ቲሞቲ ኢተን፦ ባንኮኒ ስር ይተኛ የነበረው አየርላንዳዊ ባለሱቅ

ቶሮንቶ የኖረ ሰው ኢተን ሴንተርን ያውቃል። መሃል ከተማ ያንግ ስትሪት ላይ ያለው ያ ትልቅ የገበያ ማዕከል ነው። የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርባት በዚያች ከተማ በየቀኑ በበሩ ስንት ሀበሻ ያልፋል፣ ስሙ የማን እንደሆነ ግን እምብዛም አይነሳም።

ስሙ የአንድ ስደተኛ ነው። ቲሞቲ ኢተን በ1834 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በሰሜናዊ አየርላንድ፣ ባሊሜና አጠገብ ተወለደ። አባቱ የሞተው እሱ ሳይወለድ ነው። ገና ልጅ ሳለ አንድ ባለሱቅ ዘንድ ሥራ ለማጅ ሆኖ ገባ፤ ቀኑን ሙሉ ሲላላክ ይውልና ማታ እዚያው ባንኮኒ ስር ይተኛል። የድንቹ ምርት በበሽታ ጠፍቶ የመጣው ረሃብ አገሩን ያደቀቀውም በዚያው ሰሞን ነው።

በ1854 ገደማ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ወደነበረችው ካናዳ ተሻገረ። ቀድመውት የሄዱ ወንድሞችና እህቶች ስለነበሩት ባዶ ሜዳ ላይ አልወደቀም። በዛሬዋ ኦንታሪዮ በምትገኘው ኪርክተን ትንሽ ሱቅ ተከፈተ፣ ቀጥሎ በ1860 ከወንድሙ ከጄምስ ጋር ሴንት ሜሪስ የምትባል ከተማ ገባ።

የዚያን ጊዜ የገጠር ንግድ በዱቤ ነበር የሚሠራው። ገበሬው ጨርቁንና ስኳሩን ይወስዳል፣ ሲያመርት በእህል ወይም በቅቤ ይከፍላል፣ ምርቱ ከከፋ ደግሞ ባለሱቁ መዝገቡን ታቅፎ ይቀራል። ዋጋውም የተቆረጠ አይደለም፤ "የመጨረሻው ስንት ነው?" እየተባባሉ መዋል ነው።

በ1869 ቶሮንቶ ገብቶ ያንግ ስትሪት ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ሲገዛ ይህን ሁሉ ተወው። ዱቤ የለም፣ በጥሬ ገንዘብ ብቻ። ዋጋው ቁርጥ ነው፣ ለሀብታሙም ለድሃውም አንድ። ዕቃው ካልተስማማህ ደግሞ መልሰህ ገንዘብህን ትወስዳለህ። ይህን ያሰበ የመጀመሪያው ነጋዴ እሱ አይደለም፣ ግን በካናዳ እንደሱ አጥብቆ የያዘው ጥቂት ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር የመጨረሻው ነው፤ ገንዘብ የሚመልስ ሱቅ ሻጩን ራሱን ጠንቃቃ ያደርገዋል።

በ1883 እዚያው መንገድ ላይ ወደ ሰፊ ሕንፃ ተዛወረ፣ በዓመቱም ካታሎግ አሳተመ። የድርጅቱ ስም አገር ያዳረሰው በዚህ ነው። ከባቡር ጣቢያ ብዙ ርቆ በምዕራቡ ሜዳ የሰፈረ ገበሬ መጽሐፉን ገልጦ ቦት ጫማ፣ ምድጃ፣ የሠርግ ልብስ ያዛል፣ በፖስታ ይመጣለታል። ኋላ ላይ የሚገጣጠም ቤት ሳይቀር ይሸጥበት ነበር! ያለፈበት ካታሎግም አይጣልም፤ ልጆች በረዶ ላይ ሆኪ ሲጫወቱ ቅልጥማቸው ላይ ያስሩታል፣ የተረፈው መጸዳጃ ቤት ይሰቀላል።

ሰውዬው አጥባቂ ሜቶዲስት (ከፕሮቴስታንት እምነቶች የአንዱ ተከታይ) ነበር። ሱቁ ውስጥ ሲጋራ፣ መጠጥና ካርታ አይሸጥም፣ እሁድ የመስኮቱ መጋረጃ ይዘጋል። ሌሎች እስከ ሌሊት ሲነግዱ እሱ ሠራተኞቹን ቀደም ብሎ ያሰናብት ነበር። ያ ባንኮኒ ስር ያደረ ልጅ ትዝ ብሎት ይሆን?

ቅዱስ ነበር ለማለት አይደለም። የሠራተኛ ማኅበር የሚባል ነገር በድርጅቱ ቤት አይወደድም ነበር። እሱ በ1907 ሞቶ ልጁ ጆን ክሬግ ሲመራ፣ በ1912 ከ1,000 የሚበልጡ፣ አብዛኞቹ አይሁድ የሆኑ የድርጅቱ ልብስ ሰፊዎች አድማ መቱ። መነሻው ወንዶቹ በሴቶች እጅ ይሠራ የነበረውን ገበር የመስፋት ሥራ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲደርቡ መታዘዛቸው ነው። አድማው ከወራት በኋላ ከሸፈ።

ካታሎጉ በ1976 ቆመ፣ ድርጅቱ ራሱ በ1999 ከሰረ። ሠራተኞች በ1919 ያሠሯቸው ሁለት የቲሞቲ ሐውልቶች ግን አንዱ ቶሮንቶ፣ አንዱ ሌላዋ የካናዳ ከተማ ዊኒፔግ አሁንም ተቀምጠዋል። ዕድል ያመጣል እየተባለ ሰዉ ስለሚዳስሰው የግራ ጫማው ጫፍ ተልጎ ያብረቀርቃል።