ስትራክቸርድ ኬብሊንግ ምንድን ነው? ክሊኒክ ለሚያስገነቡ

አዲስ ክሊኒክ ሲሠራ የውኃና የመብራት መስመር ገና በፕላኑ ላይ ይሰፍራል። የኔትወርክ ኬብል ግን ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለው ግድግዳው ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ኮምፒውተሮቹ ከካርቶናቸው ከወጡ በኋላ ነው። ያኔ ኬብሉ በወለል ላይ ይጎተታል፣ በበር ሥር ያልፋል፣ የሕሙማን አልጋ እየተገፋ ሲያልፍ ይረግጠዋል። ከዚህ የሚያድነው አሠራር ስትራክቸርድ ኬብሊንግ ይባላል።

መሣሪያ በተገዛ ቁጥር ለብቻው ኬብል ከመሳብ ይልቅ፣ ሕንፃው ከጅምሩ ለሁሉም የሚያገለግል አንድ የኬብል መዋቅር ይኖረዋል። ከየክፍሉ የዳታ ሶኬት የሚነሳው ኬብል መሀል ላይ ሳይቀጠል ወደ አንድ የኔትወርክ ክፍል ይሄዳል፤ እዚያ ፓች ፓነል በሚባል፣ የሁሉም ክፍል ኬብል ጫፍ በተደረደረበት የሶኬት ሰሌዳ ላይ ያርፋል፤ ከፓነሉ ወደ ስዊች (መሣሪያዎቹን እርስ በርስ ወደሚያገናኘው ማሽን) የሚያገናኘው አጭር ፓች ኮርድ ነው። ዛሬ ስልክ የተሰካበት ሶኬት ነገ ፕሪንተር ቢሰካበት የሚዛወረው ያ አጭር ኮርድ ብቻ ነው፤ ግድግዳ የሚነካ የለም። የዚህ አሠራር መሠረት የሆነው ቲአይኤ-568 የተባለው የአሜሪካ ደረጃ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ለጤና ተቋማት ብቻ የተዘጋጀው ቲአይኤ-1179 መጣ።

እዚህ ላይ ብዙ ውል የሚያበላሽ የቃል ጉዳይ አለ። ኬብል ዘርጊዎች «ሎው ቮልቴጅ» ሲሉ ኔትወርክ፣ ስልክ፣ ካሜራ፣ የነርስ መጥሪያና የመሳሰለውን ከ50 ቮልት ብዙ የማይርቅ ሥራ ማለታቸው ነው። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን አጠራር ግን ሎው ቮልቴጅ እስከ 1,000 ቮልት ተለዋጭ ጅረት (ኤሲ) ይደርሳል፤ ስለዚህ የግድግዳው የመብራት ሶኬትም እዚያው ውስጥ ይገባል። ውሉ ላይ «የሎው ቮልቴጅ ሥራ» ብሎ ማለፍ ሁለት ባለሙያ አንዱን ሥራ ለሌላው ትቶት እንዲሄድ ያደርጋል። ሥራዎቹን አንድ በአንድ በስማቸው መጻፍ ይሻላል።

የኔትወርክ ክፍሉን ቦታ የሚወስነው ርቀት ነው። በግድግዳና በኮርኒስ ውስጥ የሚያልፈው የመዳብ ኬብል ከ90 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ በሁለቱም ጫፍ የሚሰኩት ኮርዶች ሲጨመሩ 100 ሜትር ይሆናል። ይህ የሚለካው ኬብሉ በሚሄድበት መንገድ ነው፤ ሽቅብ ወጥቶ፣ ታጥፎ፣ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ክፍሉ ወደ ሕንፃው መሀል ቢሆን ጥሩ ነው። የሚቆለፍ፣ አየር የሚያገኝ፣ ከላዩ የውኃ ቧንቧ የማያልፍበት ይሁን። የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫውን ስዊቹና ፓነሉ ከሚሰቀሉበት ራክ ጋር ማጋራት ቦታ የቆጠበ ይመስላል እንጂ እርጥበትንና የማይመለከተውን ሰው ወደ ሕሙማን መረጃ ማስገባት ነው።

የሶኬቱ ብዛትና ቦታ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚገመት አይደለም። ሐኪሙ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ተራ የምርመራ ክፍል እንውሰድ። ሐኪሙ ኮምፒውተርና ስልክ አለው፤ አጠገቡ መድኃኒት ማዘዣ የሚያትም ፕሪንተር ይኖራል። ከአልጋው ራስጌ የልብ ምትና የደም ግፊት የሚያሳይ ሞኒተር አለ። አልትራሳውንድ ማሽን አንዳንዴ እየተገፋ ይመጣል፤ የሚቆመው በአልጋው በየትኛው ጎን ነው? ሐኪሙ ሲጽፍ ፊቱ ወደ ሕመምተኛው እንዲሆን ከተፈለገ ጠረጴዛው የት ይቀመጣል? ይህ ካልተጠየቀ ሶኬቱ ከቁም ሳጥን ጀርባ ይቀራል፤ ሐኪሙም ሙሉ ቀን ለሕመምተኛው ጀርባውን ሰጥቶ ይጽፋል። እኔ ለእንዲህ ያለ ክፍል በጠረጴዛው በኩል አራት፣ በራስጌ ሁለት፣ ለዋይፋይ ደግሞ ኮርኒስ ላይ አንድ መስመር ከሚያንስ አላቅድም። ቲአይኤ-1179ም የክፍሎችን የሥራ ጫና አይቶ ከ2 እስከ 6፣ ከ6 እስከ 14፣ ከ14 በላይ የሶኬት መውጫ በሚል ይመድባቸዋል። ክፍት የሆነ ግድግዳ ላይ አንድ ኬብል መጨመር ቀላል ነው፤ ሕሙማን ባሉበት ክሊኒክ ኮርኒስ መክፈት ግን አቧራ ማስነሣት፣ ክፍል መዝጋት፣ ወረፋ ማስረዘም ነው።

ራጅ ክፍል ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጨረሩን ለማገድ ግድግዳው ውስጥ እርሳስ ይገባል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከወለል እስከ 2.1 ሜትር ድረስ ነው። ለሶኬት ሳጥን የተቆረጠ ቀዳዳ እርሳሱን ከበሳው ጨረር የሚያልፍበት መንገድ ይከፈታል፤ ከሳጥኑ ኋላ በእርሳስ መሸፈን አለበት። ከተቻለ ኬብሉ ከመከለያው ከፍታ በላይ ይግባ። ይህን ኔትወርክ ዘርጊው በራሱ ሊወስን አይገባም፤ የጨረር መከላከያውን ያሰላው ባለሙያ ማየት አለበት። እርሳስ የዋይፋይ ሞገድንም ስለሚያግድ፣ ከራጅ ክፍሉ ማዶ ላለው ክፍል ሌላ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ መሣሪያ) ያስፈልግ ይሆናል።

የኔትወርክ ኬብል በ«ካት» (ካቴጎሪ) ደረጃ ይለያል፤ ካት 6 በ100 ሜትር በሴኮንድ 1 ጊጋቢት ያደርሳል፤ 10 ጊጋቢት ከተፈለገ ከ55 ሜትር አያልፍም። ካት 6ኤ 10 ጊጋቢትን እስከ 100 ሜትር ይይዛል። የሲቲ ስካን ምስሎች ለአንድ ሰው ብቻ በመቶዎች ሜጋባይት ስለሚሆኑ፣ ለአዲስ ሕንፃ ካት 6ኤ እመርጣለሁ። አሉሚኒየም ላይ መዳብ የተቀባበትን ርካሽ ኬብል ግን በምንም ምክንያት አይቀበሉ። ምክንያቱ ፖኢ ነው፦ አክሰስ ፖይንት፣ ካሜራና ስልክ ኃይል የሚያገኙት በዚያው በዳታ ኬብል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የፖኢ ደረጃ በአንድ ኬብል 15.4 ዋት ይልክ ነበር፤ እ.ኤ.አ. የ2018ቱ 90 ዋት ይደርሳል። አሉሚኒየም ከመዳብ ይበልጥ ኤሌክትሪክን ስለሚቋቋም፣ በአንድ ላይ የታሰሩ ኬብሎች ይሞቃሉ፤ ከጫፍ የሚደርሰውም ኃይል ይቀንሳል። በሌላ በኩል ስዊቹ ባትሪ ባለው ዩፒኤስ ላይ ከሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ስልኩና ዋይፋዩ አብረው አይጠፉም።

ዳታ ኬብልና የመብራት ገመድ አንድ ቧንቧ ውስጥ አይገቡም፤ መሻገር ካለባቸው ቀጥ ባለ ማዕዘን ይሻገሩ።

ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ መሣሪያ ኔትወርክ አይሶሌተር ነው። ሕመምተኛው ላይ የተገናኘ ማሽን በሌላ ክፍል ካለ ዕቃ ጋር በኬብል ሲያያዝ፣ የሁለቱ ክፍሎች ኤርዝ እኩል ካልሆነ ትንሽ ኤሌክትሪክ በኬብሉ፣ በተለይም ሽልድ (የብረት ሽፋን) ባለው ኬብል መሸፈኛ በኩል፣ ሊመጣ ይችላል። አይሶሌተሩ መረጃውን አሳልፎ ኤሌክትሪኩን ያግዳል። ትንሽ ዕቃ ነው፤ የሚጠብቀው ግን የሰው ሕይወት ነው።

የእንግዶች ዋይፋይ፣ የሕክምና ማሽኖችና የአስተዳደር ኮምፒውተሮች በየራሳቸው ቪላን (በአንድ ስዊች ላይ በሶፍትዌር በተከፈለ የተለየ ኔትወርክ) ይለያያሉ። ይህ በስዊቹ ላይ የሚሠራ ስለሆነ በኋላም ይደርሳል።

ርክክብ ላይ ስምንት መብራት እያበራ የሚያሳይ ትንሽ ቴስተር አይበቃም፤ እሱ የሚያሳየው ሽቦዎቹ በቅደም ተከተል መታሰራቸውን ብቻ ነው። በኬብሉ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠመዘዙት ሽቦዎች እርስ በርስ መረበሻቸውን የሚለካ የሰርቲፊኬሽን ቴስተር ውጤት ለእያንዳንዱ መስመር ይጠየቅ። ሶኬቱና ፓነሉ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይለጠፍ። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ደግሞ ሜትር ተደግፎበት እያንዳንዱ ጎን ፎቶ ይነሣ፤ ከዓመታት በኋላ መደርደሪያ ለመስቀል ግድግዳ የሚበሳው ሰው ኬብሉ የት እንዳለ የሚያውቀው ከዚያ ፎቶ ነው።