የካርድ ተመላሽ ፈቃድ ምንድን ነው?

በታኅሣሥና በሐምሌ ገብርኤል ሰሞን ሐዋሳ በእንግዳ ትሞላለች። በሐይቁ ዳር ባሉ ሆቴሎች እንግዳው ገና እንደ ደረሰ የሦስትና የአራት ሌሊቱን በካርድ ይከፍላል፤ ከዚያም አንዱ ቤተሰብ ታሞበት፣ ሌላው ለቅሶ ተጠርቶ ቀኑን ሳይጨርስ ይሄዳል። የምሠራው ከእነዚህ ሆቴሎች በአንዱ ሒሳብ ክፍል ነውና፣ በዓሉ ባለፈ ማግስት ጠረጴዛዬ ላይ የሚከመረው የተመላሽ ጥያቄ ነው። ደጋግሜ የማየው ስሕተትም አንድ ነው፤ እንግዳውም ካሸሩም ተመላሽን የሽያጩ መሰረዝ አድርገው ይወስዱታል። ተመላሽ ግን ራሱን የቻለ አዲስ የገንዘብ ዝውውር ነው፤ ፈቃድ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የካርድ ተመላሽ ፈቃድ ማለት፣ ነጋዴው በካርድ የተቀበለውን ገንዘብ በሙሉ ወይም በከፊል ለመመለስ በፖስ ማሽኑ፣ ማለትም ካርድ በሚያነብበው መክፈያ መሣሪያ፣ ጥያቄ ሲልክ፣ ካርዱን ለደንበኛው የሰጠው ባንክ ካርዱንና ሒሳቡን አይቶ «እቀበላለሁ» ወይም «አልቀበልም» በማለት በሰከንዶች ውስጥ የሚሰጠው መልስ ነው። ይህ የባንኩ ፈቃድ ነው። ከእርሱ የሚቀድም ሌላም አለ፤ እርሱም በንግድ ቤቱ ውስጥ፣ ተመላሹ ተገቢ መሆኑን አጣርቶ «ይመለስ» የሚል ኃላፊ የሚሰጠው ፈቃድ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከሽያጩ እንነሣ። ደንበኛው ካርዱን ፖሱ ውስጥ ሲያስገባ ጥያቄው መጀመሪያ የሚደርሰው ፖሱን ለነጋዴው ለሰጠው ባንክ ነው። ካርዱ የሌላ የአገር ውስጥ ባንክ ከሆነ የአገራችንን ባንኮች እርስ በርስ በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል፣ የውጭ ካርድ ከሆነ ደግሞ በቪዛ ወይም በማስተርካርድ መስመር አልፎ ወደ ካርዱ ባለቤት ባንክ ይሄዳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። 00 የሚለው መልስ ተፈቅዷል ማለት ነው፤ ፖሱ በሚያወጣው ደረሰኝ፣ በስሊፑ ላይም የማጽደቂያ ቁጥርና ባለ 12 አኃዝ የማጣቀሻ ቁጥር ይታተማል። በዚህች ሰዓት የአገር ውስጥ ካርድ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ ከደንበኛው ሒሳብ ወዲያው ይቀነሳል፤ በውጭ ካርድ ግን ለጊዜው ይያዛል እንጂ ገና አልተንቀሳቀሰም። ለነጋዴው የሚገባለት የቀኑ ሒሳብ ተዘግቶ ሴትልመንት፣ ማለትም የባንኮቹ መተሳሰብ፣ ከተደረገ በኋላ ነው።

ይህ የሒሳብ መዝጊያ ሰዓት ለተመላሽ ትልቅ ድንበር ነው። ሒሳቡ ከመዘጋቱ በፊት ስሕተቱ ከታወቀ፣ ለምሳሌ 3,200 ብር ሊመታ 32,000 ብር ከተመታ፣ የሚደረገው ቮይድ ነው፤ ያ ሽያጭ ራሱ ይሰረዛል፣ የተያዘው ገንዘብ ይለቀቃል፣ የተቀነሰም ከሆነ ይመለሳል። ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ ግን የሚሰረዝ ነገር የለም። ገንዘቡ ጉዞውን ጀምሯልና መመለስ የሚቻለው ከነጋዴው ወደ ደንበኛው በሚሄድ አዲስ ዝውውር ብቻ ነው፤ ሪፈንድ የምንለው እርሱን ነው። ስለዚህ ካሸሮችን ሳሠለጥን አስቀድሜ የምጠይቃቸው «ሽያጩ የመቼ ነው?» ብለው መጠየቅን እንዲለምዱ ነው፤ የዛሬን ስሕተት ለነገ ማሳደር የአንድ ደቂቃውን ሥራ የብዙ ቀን ያደርገዋልና።

ቀድሞ በዓለም አቀፍ ካርዶች አሠራር ተመላሽ ባብዛኛው ያለ ፈቃድ ነበር የሚላከው። ነጋዴው መዝግቦ ከቀኑ ሒሳብ ጋር ይልከዋል፤ የካርዱ ባንክ ግን ነገሩን የሚያውቀው ከቀናት በኋላ ሰነዱ ሲደርሰው ነው። በመካከል ደንበኛው በስልኩ ምንም ስለማያይ ነጋዴው የዋሸው ይመስለዋል፤ ካርዱ ተዘግቶ ከሆነም ገንዘቡ ባለቤት አጥቶ ይንከራተታል። ቪዛና ማስተርካርድ ተመላሽም እንደ ሽያጭ በቅጽበት ፈቃድ እንዲጠየቅበት ወደሚያስገድድ ደንብ የሄዱት ለዚህ ነው። አሁን ፈቃዱ እንደ ተሰጠ ባንኩ ለደንበኛው «ተመላሽ እየመጣ ነው» ብሎ ሊያሳየው ይችላል፤ የማይሠራ ካርድም ከሆነ እንግዳው ከመስኮቱ ሳይርቅ ይታወቃል። ይሁንና ተፈቀደ ማለት ገንዘቡ ደረሰ ማለት አይደለም፤ በውጭ ካርድ ሒሳቡ ላይ እስኪገባ ቀናት ሊወስድ ይችላል።

በቤቱ ውስጥ ስለሚሰጠው ፈቃድ ትንሽ ልቆይበት፤ የነጋዴው እጅ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሽያጭ ገንዘብ ያስገባል፣ ተመላሽ ያስወጣል። ተመላሽ መምታት ለካሸሩ ብቻ ከተተወ፣ ያልተሸጠ ነገር እንደ ተመለሰ አድርጎ ወደ ራሱ ወይም ወደ ወዳጁ ካርድ ገንዘብ መላክ ይቻላል። ስለዚህ የፖሱ የተመላሽ ሜኑ በሱፐርቫይዘር የይለፍ ቁጥር ይቆለፋል፤ ቁጥሩን የያዘውም ካሸሩ ራሱ መሆን የለበትም። ኃላፊው ከመፍቀዱ በፊት የመጀመሪያውን ስሊፕ ያያል፤ የማጣቀሻ ቁጥሩን፣ የካርዱን የመጨረሻ አራት አኃዝና ቀኑን ያመሳክራል፤ የሚመለሰው ከተከፈለው እንደማይበልጥም ያረጋግጣል። ተመላሹ የሚሄደውም ወደ ተከፈለበት ካርድ ብቻ ነው።

ይህ የመጨረሻው ደንብ በካሸሮች ዘንድ ጭካኔ ይመስላል፤ እኔም ትርጉሙ በደንብ የገባኝ ቤታችን ከከሰረ በኋላ ነው። አንድ ከውጭ የመጣ ልጅ አባቱን ይዞ መጥቶ የሦስት ሌሊት 9,600 ብር በራሱ ካርድ ከፍሎ ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው ለቅሶ ተጠሩና ሻንጣቸውን ይዘው ሪሴፕሽን ቆሙ። ካሸሯ ልጅ እግር ናት፤ እንባቸውን አይታ «ጋሼ፣ ልጅዎ እስኪመጣ ምን ያስጠብቅዎታል፤ ይኸው ጥሬውን ይያዙ» ብላ የሁለቱን ሌሊት 6,400 ብር ከመሳቢያው ቆጥራ ሰጠች፤ በቁራጭ ወረቀትም አስፈረመቻቸው። ልጁ አገሩ ከገባ በኋላ የካርዱን መግለጫ ሲያይ የሦስት ሌሊት ክፍያ አለ፣ ተመላሽ የለም። ለባንኩ አመለከተ። ለእንዲህ ያለ ቅሬታ የሚሰጠው ጊዜ በአብዛኛው እስከ 120 ቀን ነውና በጊዜው ነበር፤ 6,400 ብሩም ከእኛ ሒሳብ ተቀንሶ ተመለሰለት። የእኛ ማስረጃ የሌላ ሰው ፊርማ ያለበት ቁራጭ ወረቀት ስለነበር አልተቀበሉንም። አንድም ሌባ ሳይኖር ቤቱ አንዱን ገንዘብ ሁለት ጊዜ ከፈለ። በካርድ የተከፈለን በጥሬ መመለስ የሚከለከልበት ሌላም ምክንያት አለ፤ በተሰረቀ ካርድ ከፍሎ ጥሬ ብር ይዞ ለሚሄድ ሰው ምቹ በር ይሆናል።

ካርዱ ተዘግቶ ወይም ጠፍቶ ፈቃዱ ቢከለከልስ? እየደጋገሙ መሞከር አይጠቅምም። የእምቢታውን ስሊፕ አስቀርቶ፣ ፖሱን ለሰጠው ባንክ አሳውቆ፣ በካርዱ ባለቤት ስም ወዳለ ሒሳብ በማስተላለፍ መመለስ ይቻላል፤ የእምቢታው ስሊፕና የዝውውሩ ደረሰኝ አብረው ይቀመጣሉ። የተመላሽ ሜኑው ተዘግቶ የሚመጣ ፖስም አለ፤ በዚያ ጊዜ ተመላሹ የሚጠየቀው የስሊፑን ቅጂ አያይዞ ለባንኩ በሚጻፍ ደብዳቤ ነው።

በእኛ አገር ከተመላሽ ጋር እጅግ የሚምታታ ሌላ ጉዳይ አለ። ኔትወርክ ይቆራረጥና ፖሱ ክፍያው እንዳልተሳካ ያሳያል፤ እንግዳው ግን ከባንኩ የመጣለትን መልእክት ከፍቶ «ከእኔ ተቆርጧል» ይላል። እውነቱን ነው፤ ባንኩ ፈቅዶ ቀንሷል፣ መልሱ ግን መንገድ ላይ ቀርቷል። ይህ ተመላሽ የሚጠየቅበት አይደለም። ነጋዴው ያልደረሰውን ገንዘብ ሊመልስ አይችልም፤ ቢመልስ ከኪሱ ነው። ትክክለኛው ሥራ ያልተሳካበትን ስሊፕ ለእንግዳው መስጠት፣ የቀኑን የሴትልመንት ዝርዝር ማየት፣ ክፍያው እዚያ ከሌለም እንግዳው የራሱን ባንክ ሪቨርሳል፣ ማለትም ሳይሳካ የተቀነሰው ገንዘብ ወደ ሒሳቡ እንዲመለስለት፣ እንዲጠይቅ መንገር ነው። በዝርዝሩ ላይ ከተገኘ ብቻ ነው ተመላሽ የሚደረገው። ሁለት ጊዜ ተቆረጠብኝ ለሚልም ምርመራው ይኸው ነው።

የውጭ ካርድ ያለው እንግዳ ደግሞ የምንዛሬ ጥያቄ ያነሣል። የምንመልሰው በተቀበልነው ብር ልክ ነው፤ ወደ ዶላር የሚቀየረው ግን ተመላሹ በተስተናገደበት ቀን ምንዛሬ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ነበርና፣ ያኔ 11,400 ብር የከፈለ እንግዳ 200 ዶላር ወጥቶበታል፤ ያው ብር ዶላሩ 100 ብር ከገባ በኋላ ቢመለስለት የሚደርሰው 114 ዶላር ነው። ሆቴሉ አንዲት ሳንቲም አላስቀረም፤ ነገር ግን እንግዳው 86 ዶላር ጎድሎታል፤ ቅሬታውም የሚገባ ነው። በእጃችን ያለው መፍትሔ ተመላሹን አለማሳደር ነው፤ አንድ ኃላፊ ፊርማውን ለሳምንት ሲያዘገይ የሰው ገንዘብ እየቀለጠ እንደሆነ ሊያውቅ ይገባል።

በነጋዴው በኩል የተመለሰው ገንዘብ ከሚቀጥለው ሽያጭ ላይ ይቀነሳል፤ ሽያጩ ካልበቃ ከሒሳቡ ይወሰዳል። በዓሉ አልፎ ክፍሎቹ ባዶ ሲሆኑ የሚመጣ ተመላሽ የሚከብደው ለዚህ ነውና፣ በእኛ ቤት ከበዓል ሰሞን ገቢ ላይ ጥቂቱን ሳንነካ እናቆያለን።

ተመላሹ ሲፈቀድ ስሊፑ በሁለት ቅጂ ይወጣል፤ አንዱ ለእንግዳው፣ አንዱ ለቤቱ። ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ብርሃንና ሙቀት ያጠፋዋል። ባለፈው ዓመት ፀሐይ በሚመታው የሪሴፕሽን መስኮት አጠገብ በክሊፕ ተይዞ የቆየ አንድ እሽግ ስፈታ ግማሹ ነጭ ወረቀት ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን የተመላሽ ስሊፕ በዕለቱ ፎቶ ኮፒ አንሥተን ከመጀመሪያው ሽያጭ ስሊፕና ከኃላፊው ፊርማ ጋር በአንድ ፋይል እናስራለን።