«ሁላችንን ተቀበሉን»፦ በብርድ ወራት ስለ ነደዱ ሁለት እሳቶች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ባለፈው ሰንበት የሐዋርያት ሥራ የመጨረሻው ምዕራፍ ሲነበብ ልቤ ሁለተኛው ቁጥር ላይ ቀረ። «አረማውያንም የሚያስገርም ቸርነት አደረጉልን፤ ዝናብ ስለ ሆነም ስለ ብርዱም እሳት አንድደው ሁላችንን ተቀበሉን» ይላል ቅዱስ ሉቃስ። ቀጥሎ የተሰጠው ስብከት ስለ እፉኝቲቱና በደሴቲቱ ስለ ተደረጉት ተአምራት ነበር፤ መልካም ስብከት ነበር፤ እኔ ግን ከእሳቱ ዳር ሳልነሣ ጉባኤው ተፈታ። ይህ ክረምት የከበደብን በብርዱና በዝናቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተደጋግፈን እንወጣው ነበር። ያከበደው ሌላ ነው፤ ሰው ከሌላው ጊዜ ይልቅ ሰው በሚያስፈልገው በዚህ ወራት፣ አንድ አጥር የሚያዋስናቸው፣ ከአንድ ጽዋ የሚቀበሉ ምእመናን በፖለቲካ ምክንያት ሰላምታ ተነፋፍገዋል።

እስቲ ሐዋርያው ጳውሎስና ሉቃስ ወደ ተሳፈሩበት፣ በኋላም በደሴቲቱ ዳር ወደ ተሰበረው መርከብ እንመለስ። ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ60 ዓ.ም. ገደማ ነው። ጳውሎስ ወደ ሮሜ የሚወሰደው እስረኛ ሆኖ፣ ጉዳዩን በቄሣር ፊት እንዲያዩለት ይግባኝ ስላለ ነው። የጾሙ ወራት አልፎ ባሕሩ ለመንገድ አስፈሪ በሆነበት ጊዜ፣ በቀርጤስ መልካም ወደብ በሚባለው ስፍራ ሳሉ፣ ጉዞው በጭነቱና በመርከቡ ብቻ ሳይሆን በነፍሳቸውም ላይ ጉዳት እንደሚያመጣ አስጠነቀቃቸው። የመቶ አለቃው ዩልዮስ ግን ከጳውሎስ ቃል ይልቅ የመርከቡን መሪና ባለቤቱን ሰማ፤ የሚበዙትም ወደቡ ለመክረም አይመችም ብለው መሄድን መረጡ። በዛሬ አነጋገር ባለሙያው አስተያየቱን ሰጠ፣ ብዙኃኑ ደገፈ፣ ባለሥልጣኑ ወሰነ፤ እውነቱ ደግሞ ማንም ከቁም ነገር ባልቆጠረው እስረኛ ዘንድ ነበር። ከዚያ በኋላ ማዕበሉ መጣ፤ ፀሐይም ከዋክብትም ለብዙ ቀን ጠፉ።

በዚያ ጭንቅ መካከል ጳውሎስ ተነሥቶ ቃሌን ሰምታችሁ ከቀርጤስ ባትነሡ ኖሮ ይህ ጉዳት ባላገኛችሁ ነበር አላቸው። አንድ ጊዜ አላቸው። ወዲያውም «አይዞአችሁ» አለ። እኛ ግን በዚህ ክረምት የፊተኛውን ቃል ይዘን የኋለኛውን ጥለናል። የጎረቤታችን ሥራ ሲቆም፣ ጣሪያው ሲያፈስ፣ ልጆቹ በብርድ ሲታመሙ «ያኔ ሲያጨበጭብ የነበረው እሱ አይደል እንዴ? አሁን ይቅመሰው» እንላለን። ክርስቲያን ነኝ ከሚል አፍ ይህን መስማት እንዴት ያማል! ጳውሎስ ትክክለኛነቱ በማዕበል ከተመሰከረለት በኋላ ያደረገውን ተመልከቱ፤ 14 ቀን ሙሉ እህል ሳይቀምሱ የቆዩትን እንዲበሉ ለመናቸው፣ በሁሉም ፊት እግዚአብሔርን አመስግኖ እንጀራ ቆርሶ ይበላ ጀመር፣ እነርሱም ተጽናንተው በሉ። በመርከቡ የነበሩት 276 ነፍስ እንደ ሆኑ ሉቃስ የሚነግረን በዚሁ በማዕዱ ቦታ ላይ ነው። ምክሩን የናቁት ከቁጥሩ አልተቀነሱም።

መርከቡ አሸዋ ላይ ተተክሎ ሲሰበር ደግሞ ወታደሮቹ እስረኞቹ ዋኝተው እንዳያመልጡ ሊገድሏቸው ተማከሩ፤ ያዳናቸው የመቶ አለቃው ለጳውሎስ መራራቱ ነው። የሚችለው ዋኝቶ፣ የማይችለው በሳንቃና በመርከቡ ስባሪ ላይ ሆኖ ወደ ምድር ወጣ። እንግዲህ መላጥያ በምትባለው፣ ዛሬ ማልታ ብለን በምንጠራት ደሴት ዳርቻ ላይ ማን ማን እንደ ቆመ አስቡ፤ ሊገድሉ የመከሩና ሊገደሉ የተመከረባቸው፣ ዘበኛና እስረኛ፣ ምክሩ ሁሉን ለጥፋት የዳረገ የመርከብ ባለቤት። ሁሉም ረጥበዋል፤ ሁሉም ይንቀጠቀጣሉ። የደሴቲቱ ሰዎች ማን ምን እንደ ሆነ፣ ማን በምን ወንጀል እንደ ተከሰሰ፣ መርከቡ በማን ጥፋት እንደ ተሰበረ ለመጠየቅ መብት ነበራቸው። ሉቃስ የጻፈልን ጥያቄያቸውን ሳይሆን እሳታቸውን ነው፤ ምክንያታቸውንም አልደበቀንም፦ ዝናብ ስለ ሆነ፣ ስለ ብርዱም።

ከዚህ የሚቀጥለውን ነገር ብዙ ጊዜ እንደ ዋዛ እናልፈዋለን። እፉኝቲቱ የጳውሎስን እጅ ስትይዘው ሰዎቹ ይህስ ነፍሰ ገዳይ ነው ተባባሉ፤ ጥቂት ቆይተው ምንም እንዳልሆነ ሲያዩ አምላክ ነው አሉ። ሁለቱም ፍርድ ስሕተት ነበር። ስለ ሰው ማንነት ለመፍረድ ልክ እንደ እኛ የሚቸኩሉ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ሆኖም ነፍሰ ገዳይ ነው ባሉበት በዚያች ጊዜ እንኳ ከእሳቱ ዳር ገፍተው አስነሡት የሚል ቃል የለም። አፋቸው ሲሳሳት እጃቸው አልተሳሳተም። ኦሪትንና ነቢያትን የማያውቁ፣ ወንጌል ገና ያልተሰበከላቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ ይህን ያደረጉት። ጳውሎስም ቢሆን እጁን አጣጥፎ አልሞቀም፤ እፉኝቲቱ የወጣችው እርሱ ራሱ ጭራሮ አከማችቶ ወደ እሳቱ ሲጨምር ነው።

በቅዱስ ወንጌል ሌላ የብርድ ሌሊት እሳት አለ። በሊቀ ካህናቱ ግቢ ብርድ ስለ ነበረ ባሮችና ሎሌዎች የፍም እሳት አንድደው ይሞቁ እንደ ነበር፣ ጴጥሮስም ከእነርሱ ጋር ቆሞ ይሞቅ እንደ ነበር ዮሐንስ ይነግረናል። ብርዱ ያው ብርድ ነው፤ እሳቱም ያው እሳት ነው። በዚህኛው እሳት ዙሪያ ግን ሰው የሚሞቀው እየተመረመረ ነው። «አንተስ ደግሞ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ አይደለህምን?» ይሉታል። በማቴዎስ ወንጌል ደግሞ ቀርበው «አነጋገርህ ይገልጥሃልና በእውነት አንተ ደግሞ ከእነርሱ ወገን ነህ» አሉት። ከአንደበቱ ወገኑን ለዩት። ጴጥሮስ በዚያ እሳት ዳር ካደ፤ ክህደቱ የራሱ ነው፤ ወጥቶም መራራ ልቅሶ አለቀሰ። ስለ ጴጥሮስ ክህደት ብዙ ተሰብኳል። እሳቱን ከበው ስለ ጠየቁት ሰዎች ግን ማን ይስበክ? የበረደውን ሰው እያሞቁ ወገኑን የሚጠይቁ፣ ነኝ ቢል የሚጎዳበትን አይደለሁም እስኪል የሚያስጨንቁ እነርሱ ናቸው። በዚህ ክረምት ስንቱ ችግረኛ ነው ከእኛ ርዳታ ለማግኘት ሲል ያላመነበትን የደገፈ፣ የገዛ ወንድሙን አላውቀውም ያለ? የሰው ክህደት በእኛ እሳት ዳር የተፈጸመ ከሆነ በመጨረሻው ቀን ምን እንመልሳለን?

ይህን ያህል የምናገረው ያለ ነገር አይደለም። ለችግረኞች ብርድ ልብስ በማከፋፈል የምታገለግል አንዲት እኅት እንባዋን እየጠረገች የነገረችኝን ላካፍላችሁ። ስሞች ሲነበቡ የአንዲት አረጋዊት እናት ስም ተጠራ። ከተቀመጡት አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጇ እኮ የእነሱ ሰው ነው» አለ። ማንም አልመለሰለትም። ዝርዝሩን የያዘው ሰው እስክሪብቶውን በስሟ አጠገብ ትንሽ አቆይቶ የጥያቄ ምልክት አደረገና ወደ ቀጣዩ ስም አለፈ። ስሟን አልሰረዘም፤ እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ስም መሰረዝ አይወድም። ዝርዝሩ ሲያልቅ ብርድ ልብሱም አለቀ። በማግስቱ በቅዳሴ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» (እርስ በርሳችሁ በተቀደሰ ሰላምታ ሰላም ተባባሉ) ሲል እነዚያው ሰዎች እርስ በርሳቸው እጅ ተነሣሡ። ጌታችን መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ያለው ለማን ይመስላችኋል?

«የተለያየነው እኮ በቀላል ነገር አይደለም» የሚለኝ ይኖራል። አውቃለሁ፤ ስለ ፍትሕና ስለ ሀገር ቁርጥ ያለ አቋም መያዝንም ኃጢአት አላልሁም። ጳውሎስ ራሱ መብቱን የሚያውቅ፣ ይግባኙን እስከ ቄሣር ያደረሰ ሰው ነው። ይልቁንስ በኋላ የቂሣርያ ኤጲስ ቆጶስ የሆነውን ቅዱስ ባስልዮስን አስቡት። እ.ኤ.አ. በ368 እና በ369 ዓ.ም. በዛሬዋ ቱርክ ያለችው ቀጰዶቅያ በድርቅና በረኀብ ስትመታ ገና ቄስ ነበር። ዘመኑ የመከፋፈል ዘመን ነው፤ ንጉሡ ዋሌንስ ወልድን ፍጡር ያለውን የአርዮስን ወገን ይደግፋል፤ ቤተ ክርስቲያን ታውካለች። ባስልዮስም ቀደም ብሎ ከገዛ ኤጲስ ቆጶሱ ከአውሳብዮስ ጋር ተቃቅሮ ወደ ጰንጦስ ሄዶ ቆይቶ ነበር (ቅዱሳንም ይቀያየማሉ፤ ቁም ነገሩ መመለሱ ላይ ነው)። በእምነት ነገር ለማንም ፊት ያላዳላ ሰው መሆኑን በኋላ የንጉሡ ሹም ሞዴስጦስ በውርስ፣ በስደትና በሞት ሲያስፈራራው ሁሉም አይቷል። በረኀቡ ጊዜ ግን፣ ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ እንደ መሰከረለት፣ በቃሉ ብርታት የባለጠጎችን ጎተራ አስከፈተ፤ የተራቡትን ወንዶችና ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በአንድ ስፍራ ሰበሰበ፤ ሾርባ አቀረበላቸው፤ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበውን ጌታ አብነት አድርጎ በገዛ እጁ አገለገላቸው። ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ደግሞ የአይሁድ ልጆችም ከዚያ ማዕድ እንዳልተለዩ ጽፎለታል። በሃይማኖት ቃል ላይ አንዲት ፊደል አልለቅም ያለ ሰው ሾርባ ሲያድል የማን ወገን ነህ አላለም። የእኛ አቋም ከባስልዮስ ይልቅ የጠነከረ ነውን? እጃችንን የሚያሳጥረውስ የአቋም ጽናት ነው ወይስ ቂም?

ሐዋርያው ያዕቆብ ለተራቆተና ለተራበ ወንድማቸው የሚያስፈልገውን ሳይሰጡ «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» የሚሉትን ወቅሷቸዋል። እኛ ከእነዚያም ወርደናል፤ እነርሱ ቢያንስ መልካም ተመኝተው ነበር።

አሁን ደግሞ ለእናንተ፣ በዚህ ክረምት ደጅ ለጠናችሁና ፊት ለተነሣችሁ ልናገር። ችግራችሁን መናገር እንደ ውርደት አይቆጠርባችሁ። ያ ታላቅ ሐዋርያ በሮሜ እስር ቤት ሳለ ለልጁ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ እንዲያመጣለት ለምኖታል፤ «ከክረምት በፊት እንድትመጣ ትጋ» ብሎታል። ሙታንን ያስነሣ ሰው በርዶት በርኖሱን ጠየቀ። ስማችሁ አጠገብ ሰው የጥያቄ ምልክት ቢያደርግም እግዚአብሔር ስማችሁን ያለ ምልክት ያውቀዋል። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፤ በፖለቲካ የማይመስላችሁ ጎረቤት በራችሁን አንኳኩቶ የያዘውን ቢዘረጋላችሁ ከእርሱስ አልቀበልም አትበሉ። ጳውሎስና አብረውት የነበሩት የደሴቲቱን አለቃ የፑፕልዮስን ቤት ሦስት ቀን ተቀብለው አርፈዋል፤ ሦስት ወር ከርመው ሲነሡም ሰዎቹ የጫኑላቸውን ስንቅ ይዘው ሄደዋል። መጽሐፈ ምሳሌም የቀረበ ጎረቤት ከራቀ ወንድም ይሻላል ይላል። በሐሳብ የሚመስላችሁ ሰው ሩቅ ነው፤ ሌሊት ልጃችሁ ቢታመም ድምፃችሁን የሚሰማው ግድግዳ የሚጋራችሁ ነው።

በየአጥቢያው የርዳታ ዝርዝር ለያዛችሁ አገልጋዮች አደራ የምለው ይህን ነው። ስም ሲነበብ መጠየቅ ያለበት ስንት ነፍስ በቤቱ አለ፣ የታመመ አለ ወይ፣ የሚለብሱት አላቸው ወይ የሚለው ብቻ ይሁን። ከዚህ ውጭ የሚያንሾካሹክ ቢኖር በዝምታ አትለፉት፤ በትሕትና ግን በግልጽ «ይህ እዚህ አይጠየቅም» በሉት። ብታፍሩም በሉት፤ ከተቆጣ ይቆጣ። ከዚያም እስከ ዛሬ ያከፋፈላችሁበትን ዝርዝር አውጡና ምልክት የተደረገባቸውን ስሞች ፈልጉ፤ ወደ እያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ ከሁለቱ አንዱ በዚያን ቀን ዝም ካሉት ቢሆን መልካም ነው። ብርድ ልብስ ካለቀ ከየቤታችን እናዋጣለን፤ ክረምቱ ገና አልወጣም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።